ሦስት ጊዜ የቀየርኩት ጓርኒሲዮን

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ጎልምሼ፣ መኪና ከገዛሁ በኋላ ነው። ትምህርቱም በነፃ አልተሰጠኝም። ብዙ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ። ወንድሜን አስቀይሜበታለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የእህቴ ልጅ ክንዱ ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው። «እኔ መኪና የለኝ፤ ይህ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መኪና ያለን ጥቂቶች ነን። ነገር ግን ሁላችንም ተሳፍረን ገበያ እንሄዳለን። በሽተኛ እናመላልሳለን። የናፍጣ ወፍጮ ያለው አለ። የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ከጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ የገዛም አለ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሁሉ ጠባዩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

መኪናይቱ እንዴት ተገዛች?

አገሬ ደብረ ሲና አካባቢ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ነዳሁ። በ2009 ዓ.ም. «እስከ መቼ በሰው በሬ አርሳለሁ?» አልኩና የራሴን ለመግዛት ቆረጥኩ። ያጠራቀምኩትን አወጣሁ። የእቁብ ዕጣ ደረሰኝ። ሁለት በሬዎች ሸጥኩ። ባለቤቴ ቆሎ ሸጣ ያስቀመጠችውን ጨመረችልኝ። የጎደለውን ታላቅ ወንድሜ አበደረኝ። ገንዘቡ ለቤቱ ቆርቆሮ መግዣ ያስቀመጠው ነበር። «በዓመቱ እመልስልሃለሁ» አልኩት። እሱም አምኖ ሰጠኝ።

የገዛኋት ብዙ ያገለገለች የናፍጣ ሚኒባስ ናት። ቀለሟ አዲስ ነበር። ወንበሮቿም የታደሱ ናቸው። ሞተሯ ስንት ጊዜ እንደተፈታ፣ ምን ዓይነት ውሃ ሲጨመርባት እንደኖረ ግን አልጠየቅሁም። በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን። እናስኬደዋለን። ሻኛውን እንዳስሳለን። እኔ ግን መኪናይቱን ቀለሟን አይቼ ገዛኋት።

ሥራዬ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ሰው ማመላለስ ሆነ። ረዳቴ የእህቴ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከኔ ጋር ይውላል። ሲከፈት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይመጣል። እህቴ ስትሰጠኝ «አደራ፣ ልጄን በደህና መልስልኝ» ብላኛለች።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ መንገዱ በአርማንያ አድርጎ ወደ ደብረ ሲና ይወጣል። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር አለ። እዚያ ኢጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ተራራውን ሸንቁረው የሠሩት ዋሻ አለ። ያ ቦታ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ አስቡት። መኪናይቱ 50 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ውስጥ፣ ሰውና ጓዝ ተሸክማ፣ ከ1700 ሜትር የማያንስ ሽቅብ ትወጣለች። ቆላ ላይ በሐሩር ትነሣለች። ላይ ስትደርስ በጉም ውስጥ ትገባለች።

የመጀመሪያው ጊዜ

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ መኪናይቱ ጉልበት አጣች። ከጭስ ማውጫዋ ነጭ ጭስ ይወጣ ጀመር። ውሃዋን ብናየው ጎድሏል። የዘይቱን ክዳን ብንከፍተው ከሥሩ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ይዟል። ተሳፋሪውን ገንዘቡን መልሰን በሌላ መኪና ላክን። እኛ ተጎትተን ጋራዥ ገባን።

መካኒኩ ገና ሳይፈታት «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» አለኝ።

«መቼ ትደርስልኛለች?» አልኩት።

«ዛሬ ማታ ታወጣታለህ» አለኝ።

እንዴት ደስ አለኝ! አንድ ቀን የቆመች መኪና የአንድ ቀን እንጀራ ታስቀራለች። ወንድሜም ገንዘቡን ይጠብቃል። ስለዚህ መካኒኩ ቸኮለ፤ እኔም አጣደፍኩት። ለምን እንደተቃጠለ እሱ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ጓርኒሲዮን ምንድነው?

ጓርኒሲዮን የጋራዥ ቃል ነው። ጋስኬት የሚሉትም አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሁለት ትልልቅ ክፍል አለው። የታችኛው ብሎክ ይባላል። ፒስተኖቹ ላይ ታች የሚሉት በሱ ውስጥ ነው። የላይኛው ቴስታታ ይባላል። ብሎኩን እንደ ክዳን የሚገጥመው እሱ ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ቆዳ የሳሳ ንጣፍ ይገባል። ከብረትና ሙቀት ከሚችል ነገር የተሠራ ነው። ይኸ ነው ጓርኒሲዮን የሚባለው።

ጠላ ስንጠምቅ የጋኑን አፍ በጭቃ እንመርጋለን። ለምን? በክዳኑና በጋኑ መካከል ክፍተት እንዳይኖር ነው። የጓርኒሲዮንም ሥራ እንደዚያው ነው። ነገር ግን እሱ የሚይዘው ጠላ አይደለም። የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ15 እስከ 22 እጥፍ ጠቅጥቆ ነው እሳት የሚያስነሣው። ጓርኒሲዮኑ ያን ኃይል ይይዛል። በአጠገቡ ደግሞ ውሃ በቀዳዳ ያልፋል። ዘይትም በሌላ ቀዳዳ ያልፋል። እሳት፣ ውሃና ዘይት የማይስማሙ ጎረቤቶች ናቸው። አጥራቸው ይኸ ስስ ንጣፍ ነው።

አጥሩ ከፈረሰ ውሃው ወደ እሳቱ ይገባል። ያን ጊዜ ነጭ ጭስ ይወጣል። ወይም ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ወይም የእሳቱ ግፊት ወደ ውሃው ይገባል። ያን ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይፈላል።

ሁለተኛው ጊዜ

ከአራት ወር በኋላ በየካቲት ዳግመኛ ተቃጠለ። አሁንም በዚያው ዳገት ላይ ነው።

ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ይኸኛው መካኒክ የፊተኛውን ሰደበ። «የገጠመልህ ዕቃ ፎርጅድ ነው፤ ኦርጅናል ግዛ» አለኝ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ውዱን ገዛሁ። ደግሞም «ይቺ ናት የምታሞቃት» ብሎ ተርሞስታት የምትባለውን ዕቃ አውጥቶ ጣላት። «ያለሷ ይሻላል» አለ። እኔም አመንኩት። ይኸኛውም ቢሆን በሁለት ቀን ሠርቶ ሰጠኝ።

በዚህ መካከል ምክር የማይሰጠኝ ሰው አልነበረም። አንዱ ሹፌር «አነዳድህ ነው» አለኝ። ሌላው «ሽጣትና ተገላገል» አለኝ። አንዲት ጎረቤታችን «ዓይን በልቷት ነው፤ ቀለሟ አምሮ የለ!» አለች። ሁሉም ስለ መኪናይቱ የሚናገረው ነበረው። ምን እንደሆነች የለካ ግን አልነበረም። እኔ ራሴ አልለካሁም።

ወንድሜ ዓመቱ አለፈ። ገንዘቡን አልጠየቀኝም። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ያፈስ ነበር። ከጣራው ሥር ሳፋ ደቅነው ነበር። «ቡና ጠጣ እንጂ» አለኝ። ቡናው አልወርድ አለኝ።

ሦስተኛው ጊዜ

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ በቀትር፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሣን። መኪናይቱ ሞልታለች። ከአርማንያ በላይ ስንደርስ ከፊተኛው ወንበር ሥር እንፋሎት ተነሣ። የኛ ሚኒባስ ሞተሯም የራዲያተሯ ክዳንም ከፊት ወንበር ሥር ናቸው። መኪናይቱን አቆምኩ። የሙቀት መለኪያዋን መርፌ አየሁ። ቀዩ ላይ አልደረሰችም። «እንግዲያውስ ብዙም አልጋለችም፤ ውሃ ብቻ ነው የጎደላት» አልኩ።

ተሳፋሪዎቹ ተቻኮሉ። አንዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። አንዷ የታመመ ሕፃን ይዛለች። እኔም ከነሱ የባስኩ ቸኳይ ነኝ።

«ወንበሩን አንሣና ክዳኑን ክፈት፤ ውሃ ጨምርባት» አልኩት ልጁን።

«ትንሽ ትብረድ እንጂ ጋሼ» አለኝ።

«ክፈት አልኩህ!» አልኩት።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልጁ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኑን አዞረው። የፈላው ውሃ ከነእንፋሎቱ ወደ ላይ ተተኮሰ። ቀኝ ክንዱን ከክርኑ እስከ መዳፉ ገሸለጠው። ፊቱን ያተረፈው ዘወር በማለቱ ብቻ ነው።

አንዱ ተሳፋሪ «ቅቤ ቀቡት» አለ። ሌላው «ሊጥ ይደረግበት» አለ። ደግነቱ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። «ምንም እንዳትቀቡት!» ብላ ጮኸች። ለመኪናይቱ የያዝነውን ሁለት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣች። በተቃጠለው ክንድ ላይ በቀስታ፣ ሳታቋርጥ ሃያ ደቂቃ ያህል አፈሰሰችው። ቀጥላም በንጹሕ ነጠላ ሸፈነችውና በሌላ መኪና ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ በኋላ «በውሃ ማብረዱ ነው የጠቀመው» ብሎናል።

ማታ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። አልጮኸችብኝም። «አደራዬን እንዲህ አድርገህ መለስክልኝ?» አለችና ፊቷን አዞረች። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው መካኒክ

ደብረ ብርሃን አንድ ሽማግሌ መካኒክ እንዳሉ ሰማሁ። መኪናይቱን አስጎትቼ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ስንተኛ ጊዜህ ነው?» አሉኝ።

«ሦስተኛዬ ነው ጋሼ።»

«ውሃ የሚጎድላት የት ላይ ነው?»

«መንገድ ላይ ነዋ» አልኳቸው።

«የቱ መንገድ? ዳገቱ ላይ ነው ወይስ ሜዳው ላይ? ጠዋት ነው ወይስ ቀትር? ስንት ሊትር?»

ዝም አልኩ። አላውቅም።

«ሐኪም ዘንድ ሄደህ አሞኛል ብለህ ዝም ትላለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ለመሆኑ ያልተቃጠለው ቀን ምን ትሆን እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም?»

ያን ጊዜ ልጁ ትዝ አለኝ። የእህቴ ልጅ የቀን ሒሳብ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። ማታ ማታ ሒሳቡን ያነብልኛል፤ እኔም ድምሩን ብቻ እሰማለሁ። ሌላውን ገልጬ አይቼው አላውቅም። ደብተሩን ከቤት አመጣሁት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡት።

ልጁ ከገንዘቡ ጎን ውሃውንም ጽፏል። «ደብረ ሲና፣ ውሃ 1 ሊትር። አርማንያ፣ ውሃ 2 ሊትር። ጣርማ በር፣ ውሃ 2 ሊትር ተኩል።» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ውሃውን ከወንዝ የሚቀዳው እሱ ስለነበር ልኩን ያውቃል።

ሽማግሌው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ እንዲህ አሉኝ፦

«ይኸውልህ። ከጣርማ በር ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ላይ አንድም ቀን ውሃ አልጨመራችሁም። ውሃ የሚያልቀው ዳገት ላይ ነው። ደግሞ ቀኑን ተመልከት። በጥቅምት ጓርኒሲዮን ተቀየረ። በሳምንቱ ውሃ መጉደል ጀመረ። በየካቲት ተቀየረ። በአምስተኛው ቀን ጀመረ። አዲስ ጓርኒሲዮን እያለ ውሃው ይጎድላል። እንግዲህ በሽታው ጓርኒሲዮኑ አይደለም። እሱ ሟቹ ነው። ገዳዩ ሌላ ነው።»

ቀጥለውም «ይኸ ልጅ ካንተ ይሻላል» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ገዳዩ ተገኘ

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን።»

«አሥር ቀን! ጋሼ፣ ዕዳ አለብኝ እኮ።»

«ከቸኮልክ ሌላ ጋራዥ ውሰዳት» አሉኝ። አልወሰድኳትም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ።

መጀመሪያ ራዲያተሩን ፈቱት። በራዲያተር ውስጥ እንደ ሸምበቆ የቀጠኑ ብዙ ቱቦዎች አሉ። የጋለው ውሃ በነሱ ሲያልፍ በነፋስ ይበርዳል። ከኔ ራዲያተር ቱቦዎች ግማሽ ያህሉ ተደፍነዋል። የደፈናቸው ነጭ ቅርፊትና ደለል ነው። ውሃ የሚፈላበት ማሰሮ ውስጡን ነጭ ነገር ሲጋገርበት አይታችኋል። ይኸም እንደዚያው ነው። ከወንዝና ከምንጭ የሚቀዳ ውሃ በውስጡ የሟሟ ድንጋይና ጨው አለው። ሲፈላ ይቀርና ይጋገራል። ግማሹ ከኔ በፊት የተጋገረ ይሆናል። የቀረው ግን የኔው ነው።

ሁለተኛ፣ የራዲያተሩን ክዳን አዩ። ጎማው ደርቋል። ሞላው ደክሟል። «ይቺን እንደ ተራ ክዳን አትያት» አሉኝ። ከዚያ የነገሩኝን ልንገራችሁ።

ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እናውቃለን። ምክንያቱ የእንጨቱ ማነስ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ክብደት ይቀንሳል። ውሃውም ሳይግል ቶሎ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። 3000 ሜትር ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖ ሲሠራም ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ጣርማ በር ላይ ውሃው ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ ሳይታመም ውሃው ይፈላ ነበር። የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ በግፊት ይይዘዋል። የታፈነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎም አይፈላም። ክዳኑ ከላላ ግን ውሃው መርፌዋ ቀይ ሳትነካ ይፈላል። እኔን ያታለለኝ ይኸ ነው።

ልጁን ያቃጠለውም ይኸው ነገር ነው። የላላ ክዳን እንኳ ትንሽ ግፊት ይይዛል። የታፈነው ውሃ ክዳኑ ድንገት ሲነሣለት ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል።

ሦስተኛ፣ ተርሞስታት የለችም። ተርሞስታት ማለት የውሃ በር ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ትዘጋለች። ሲሞቅ ትከፍታለች። እሷ ስትወጣ ሞተሩ ደጋ ላይ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ናፍጣም ይበላል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ የጋለው ውሃ ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ይመለሳል። የኔዋ ሞተር ከነዚያ አንዷ ነበረች። ያ መካኒክ ትበርዳለች ብሎ ያወጣት፣ ዳገት ላይ እንድትግል አደረጋት።

አራተኛ፣ ቴስታታው ራሱ ተጣሟል። በብዙ መኪና ቴስታታ ከአሉሚኒየም ይሠራል። ብሎኩ ከብረት ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተር ከልክ በላይ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል። ሽማግሌው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስቀመጡና ከሥሩ ስስ መለኪያ አስገቡ። መለኪያው ገባ። ክፍተቱ አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት ውፍረት ቢያህል ነው። ዓይን አያየውም። እሳት ግን መንገድ ያገኝበታል። በተጣመመ ቴስታታ ሥር ኦርጅናል ጓርኒሲዮን ቢገባ ምን ያደርጋል? ያጋደለ ክዳን ላይ ጭቃ ብንመርግ መልሶ ይሰነጠቃል እንጂ።

እንዴት ተሠራች?

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተወስዶ ተላገ። መሰንጠቁና አለመሰንጠቁም በግፊት ተፈተነ። የራዲያተሩ ቱቦዎች ተጠረጉ። አዲስ ክዳን ተገዛ። ተርሞስታት ተመለሰች።

ጓርኒሲዮኑ ሲገዛ ሽማግሌው እኔን ብቻዬን አላኩኝም። የናፍጣ ሞተር ጓርኒሲዮን ለአንድ ዓይነት ሞተር እንኳ በተለያየ ውፍረት ይመጣል። ውፍረቱ በላዩ ላይ በፊደል ወይም ጠርዙ ላይ ባለ ቁርጥ ምልክት ይታወቃል። ሽማግሌው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ስንት ያህል ብቅ እንደሚል ለኩ። ከዚያ የትኛው ፊደል እንደሚስማማው ከመጽሐፉ አነበቡ። ፊት የተገዙት ሁለቱ ጓርኒሲዮኖች የተገዙት ፊደላቸውን ማንም ሳያነብ ነው።

ቡሎኖቹንም አዲስ ገዙ። «በዚህ ሞተር ላይ አንዴ የጠበቀ ቡሎን ተለጥጧል፤ መልሶ በልኩ አይይዝም» አሉኝ። ሲያጠብቁም የጥብቀቱን ልክ በቁጥር በሚያሳይ ቁልፍ ነው። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ይሄዳሉ። ባንድ ጊዜ አያጠብቁም። አንድ ዙር ትንሽ ያጠብቃሉ። ይመለሱና ሁለተኛ ዙር ይጨምራሉ። ከዚያ ሦስተኛ። አህያ ስንጭን ባንድ ወገን ብቻ ብናጠብቅ ጭነቱ ያጋድላል። ይህም እንደዚያው ነው።

በመጨረሻ ራዲያተሩ ውስጥ የወንዝ ውሃ አልገባም። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ተበጥብጦ ገባ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ያግዛል። ግን አደራ! ኩላንት መርዝ ነው። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ሕፃናትና እንስሳት ሊጠጡት ይችላሉ። ጀሪካኑን አጥባችሁ ለመጠጥ ውሃ መቅጃ አታድርጉት።

ልብ በሉ

ሞተር ያለው ሰው እነዚህን ነገሮች ቢያስተውል ይጠቅመዋል።

1. ውሃ በውጭ ሳይፈስ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እየጨመሩ ዝም ማለት አይገባም።

2. ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ፣ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ራዲያተሩም አረፋ ካወጣ ሞተሩን አጥፉ። «እስከ ቤት ትድረስ» ማለት ቴስታታውን ያጣምማል።

3. በጋለ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አትክፈቱ። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠብቁ። የላይኛው የጎማ ቱቦ በእጅ ሲዳሰስ እስኪበርድና እስኪለሰልስ ታገሡ።

4. በጋለ ሞተር ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

5. በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሰው ካለ፣ ቦታውን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል አብርዱት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ አትቀቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

6. መካኒክ «ተቃጥሏል» ሲላችሁ «ለምን ተቃጠለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን ሳትሰሙ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከዚያ በኋላ

መኪናይቱ በአሥረኛው ቀን ወጣች። ያን ቀን ከሸዋ ሮቢት ስነሣ ልቤ ይመታ ነበር። አርማንያን አለፍን። ደብረ ሲናን አለፍን። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ደርሰን አቆምኳት። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ መብረዷን በእጄ ዳስሼ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው እንደሞላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ጽሑፌ እንደ ልጁ የሚያምር አይደለም። ይሁን እንጂ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጨመርኩትን ውሃና የቀየርኩትን ዘይት አንድም ቀን ሳልዘል ጽፌአለሁ።

የልጁ ክንድ ዳነ። ጣቶቹን እንደልቡ ያንቀሳቅሳል። ጠባሳው ግን አልጠፋም። ይቅርታ የጠየቅሁት በእናቱ ፊት ነው። «ትብረድ ብለኸኝ ነበር፤ አልሰማሁህም» አልኩት። እህቴ ያን ቀን ምሳ አቀረበችልኝ። የወንድሜን ገንዘብ ከፍዬ የጨረስኩት በ2012 ዓ.ም. ነው። ቆርቆሮውን ራሴ በመኪናዬ ላይ ጭኜ አደረስኩለት። ጣራው ሲመታ አብሬው ዋልኩ።

በ2013 ዓ.ም. ታምሜ መንዳት ስላቃተኝ መኪናይቱን ሸጥኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጓርኒሲዮኗ አልተነካም። ሊገዛ የመጣው ወጣት ሹፌር ዞር ዞር ብሎ ቀለሟን ያይ ጀመር። ያን ጊዜ ቀለሟ ደብዝዟል። ፊቱም ቅር አለው። እኔ ግን ደብተሮቹን አወጣሁና ሰጠሁት። ሦስቱ ቃጠሎዎች አሉበት። የተጣመመው ቴስታታም፣ የተደፈነው ራዲያተርም አለበት። ምንም አልደበቅሁም።

ወጣቱ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሦስቱንም ጀበና አጠጣችው። አንብቦ ሲጨርስ ስለ ቀለሟ አንድም ቃል አልተናገረም።

«አባባ፣ ደብተሩም አብሮ ይሸጣል?» አለኝ።

«ደብተሩን በነፃ ውሰደው» አልኩት። «አንተም ጻፍበት።»